የአባቴ ዋንጫና የልጄ ጣሳ

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የመንግሥት እንግዳ ቤቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በገዛ እጄ ራሴን ላሳስር ምንም አልቀረኝም ነበር...

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እየተናገርኩ ነው የሚጻፈው። ያልኩት እንዳይቀነስ ግን አስጠንቅቄያለሁ።

አገሬ ከደባርቅ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ዋልያ ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ ሌላ የትም የለም። መንግሥት «አትግደሉ» ብሎ ከለከለ፣ ጠባቂም አቆመ። እኛም በገበሬ ማህበሩ ስብሰባ እጃችንን አውጥተን እሺ አልን። ዓመታት አለፉና፣ ክልከላው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን የሚያጣራ ሰው ከጎንደር መጣ። ማኪናውን ደባርቅ ትቶ በበቅሎ ነው የወጣ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከጧት ጀምሮ ሜዳው ላይ ሰብስቦ ሲጠይቀን ዋለ።

«ዋልያ የሚገድል አለ?»

«የለም!»

«ድሮስ?»

«ድሮም የለም!» አለ ሊቀመንበራችን።

ውሸቱን ነው። ድሮማ ማን ያልገደለ ነበር? ሰውዬውም እንዳላመነ ፊቱ ያስታውቃል።

ስብሰባው ሲያልቅ ቤቴ ቅርብ ነውና ጋበዝኳቸው፤ እንግዳውን፣ ሊቀመንበሩንና ጠመንጃ የያዘ አንድ የዋልያ ጠባቂ። የባለቤቴ የይታይሽ ጠላ በዚያ አገር የታወቀ ነው። ለሁለቱ በቅል ቀዳች። ለእንግዳውም በቅል ልትቀዳ ስትል ተቆጣሁ።

«ዋንጫውን አምጪ እንጂ!»

«ምነው አንተ... ዛሬ?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ።

«አምጪ አልኩ!»

ዋንጫ እያለ ለከበረ እንግዳ በቅል አይሰጥም። የዋልያ ቀንድ መሆኑ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ለእኔ ዋንጫ ነው። ሰው በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ዛፉን ያስባል?

ሰውዬው በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ አፉ አስጠጋና... ቆመ። ቀንዱ ላይ ባለው ጉጥ ጣቱን አሳለፈበት።

«ይህ የምን ቀንድ ነው?»

ሊቀመንበሩ ቀደመኝ። «የበሬ ነው ጓድ!»

«እንዲህ ያለ ጉጣም በሬ አይቼ አላውቅም» አለና ጠባቂውን ዞሮ አየው። ጠባቂው ቅሉ ላይ አቀረቀረ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ይንገሩኝ አያ ምትኩ። የበሬ ነው ካሉኝ ጠጥቼ እሄዳለሁ።»

መውጫ እየሰጠኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ያን ጊዜ ታስሮ ጎንደር የወረደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ገብሴ ደግሞ ለአጨዳ ደርሷል። ሊቀመንበሩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«የበሬ ነው በላ አያ!»

አባቴ ያን ዋልያ ሊገድል በገመድ ገደል ወርዷል። ታዲያ የሱን ጀብዱ በሬ ልበለው?

«የበሬ አይደለም» አልኩ። «ዋልያ ነው። አባቴ ነው የገደለው። አባቴ ሉካንዳ ቤት አልነበረውም!»

ጠባቂው ግድግዳው ላይ ያስደገፈውን ጠመንጃ ሳብ አደረገ።

«አባትዎ ይግደሉት እርስዎ፣ በምን አውቃለሁ?» አለ ሰውዬው።

«ጎጆ ስወጣ የሰጠኝ ነው። በእኛ ወገን ወንድ ልጅ ጎጆ ሲወጣ አባቱ ዋልያ ገድሎ ዋንጫ ያወጣለታል።»

ይህን ስል ቀና አለ።

«ወንድ ልጅ አለዎት?»

«አለኝ።»

«ጎጆ ወጥቷል?»

«አምና።»

«እንግዲያው የእሱን ዋንጫ ያሳዩኝ።»

«አላሳይም» አልኩ።

«ለምን?»

«አላሳይም አልኩ! ከፈለጉ ጎንደር ይውሰዱኝ!»

«ወየው፣ አለቀልን» አለ ሊቀመንበሩ። ጠባቂው ግን አዲስ ቀንድ ያገኘ መስሎት ዓይኑ በራ።

ይታይሽ እኔን አልጠየቀችም። ተነሥታ ወጣች። የልጃችን ጎጆ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። ስትመለስ በእጇ የያዘችው... ጣሳ ነው። እጀታ የተበየደለት የቲማቲም ጣሳ። እኔው ራሴ ከደባርቅ ገበያ የገዛሁለት።

«ይኸውልዎ የልጃችን ዋንጫ» አለች። «አባቱ በስብሰባ እጁን አውጥቶ እሺ ካለ ወዲህ አንድም አልገደለም። የልጁ ሠርግ ዕለት ከእፍረት የተነሳ እህል አልቀመሰም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስር ቤት ይሻለኝ ነበር።

ሰውዬው ጣሳውን ገለባብጦ አየና ከቀንዱ አጠገብ አስቀመጠው። ሁለቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሳቅ አለ።

«ቀኑን ሙሉ ስጠይቅ የዋልኩት ይህን ነበር እኮ! የገደለ ሰው ቀንድ ይደብቃል። እርስዎ የደበቁኝ ጣሳ ነው።»

ጠባቂው ጠመንጃውን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሊቀመንበሩ ቅሉን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። እኔም እፎይ ልል ስል...

«እናቴ፣ በዚህ ይቅዱልኝ» ብሎ ሰውዬው ጣሳውን ለይታይሽ ዘረጋላት።

«ኧረ በሚካኤል! ከእኔ ቤት እንግዳ በጣሳ አይጠጣም!» ብዬ ዘለልኩ።

«በዚያኛው ጠጥቼ እኔንስ ማን ያድነኛል?» አለ እየሳቀ።

ጠጣ። «ሸጋ ጠላ ነው» አለ፣ የእኛን አነጋገር ለምዶ። አመስግኖም ሄደ። ቀንዱን አልወሰደብኝም። እኔ ግን ከእስር መትረፌን ትቼ፣ እንግዳ በጣሳ ሸኘሁ ብዬ ስንት ጊዜ አኮረፍኩ።

ዋልያው ይኸው ዛሬም አለ። አፋፉ ላይ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲያልፍ ሳየው... የልጄ ዋንጫ በገዛ እግሩ ሲሄድ ነው የሚታየኝ።