ስድስቱንም ክዳን ከፍቶ የሚያይ ሰው

የባትሪ አሲድ አፍንጫ ሰርስሮ የሚገባ ሽታ አለው። ትናንት በአንድ ጋራዥ ደጅ ሳልፍ ሽው አለኝና ቆምኩ። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ባትሪ ይሞላልን የነበረው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ጎረምሳ የታክሲ ሾፌር ነበርኩ፤ መኪናዋ የሰው ናት። አዲስ ባትሪ በደብዳቤና በወረፋ ስለሚገኝ፣ ባለንብረቱ "ባትሪዋን ከገደልካት ቁልፌን ትመልሳለህ" ብሎኛል። እናቴን የማስተዳድረው በዚያው ቁልፍ ነበር።

ባለባትሪው ታዲያ ሕግ ነበረው። "ውሃዋን በየሳምንቱ፣ ጉልበቷን በየወሩ። በጋ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እያት፤ ሙቀት ውሃዋን ይጨርስባታል" ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ የባትሪዋን ስድስቱንም ክዳን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ በየቀዳዳው ያያል። አንዱን አይቶ ሌላውም እንደዚያው ነው አይልም።

እኔ ግን ሥራ ሲደራልኝ ሦስት ሳምንት ዘለልኩ። አንድ ማለዳ መኪናዋ አልነሳ ስትለኝ ደንግጬ ከቧንቧ ቀድቼ ሞላሁባት። ጭራሽ ድምጿ ጠፋ። ባትሪዋን ተሸክሜ ሄድኩ።

"ምን አጠጣሃት?"

"የባትሪ ውሃ ነው፣ ጋሼ።"

ክዳኑን ከፈተና ሳቀ። "የባትሪ ውሃ ገዝቶ እስከ አፏ የሚሞላ ሾፌር አይቼ አላውቅም! ከቧንቧ ነው፣ አይደል? የቧንቧ ውሃ እኮ ይገድላታል።"

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን አላባረረኝም። ያንን ገልብጦ አሲዱን ቀየረና ሦስት ቀን ከኤሌክትሪክ ላይ ቀስ አድርጎ ሞላት። በየሰዓቱ፣ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን፣ የእጁን ጀርባ ጎኗ ላይ ያሳርፋል። ከጋለች ነቅሎ እስክትበርድ ይጠብቃታል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከዚያ ወዲህ በሰው አላየሁም።

ባለንብረቱ ሰምቶ መጣ። "ማነው ያበላሻት?"

"እሱ ነው" አለ ባለባትሪው። "ግን በስንት ጊዜ እንደምትታይ እንጂ ምን እንደምትጠጣ አልነገርኩትም። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ቁልፉን ተውለት።"

ተወልኝ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም። "አይቻታለሁ" ብዬ ብነግረውም "አንተ አየሃት፤ እኔ ገና ነኝ" ብሎ ይከፍታታል። ዓመት ያህል እንዲህ ቆየን።

አንድ ቅዳሜ ግን "አየሃት?" አለኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

ክዳኗን ሳይነካ "በቃ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ" አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሞተር አስነስቼ መሪውን እንደያዝኩ፣ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ አንዴ ቢያይልኝ ብዬ ጥቂት ጠበቅኩ። እሱ የሌላ ሰው ባትሪ መክፈት ጀምሯል።