ጭስ የገባበት የእማማ ላን ሩዝ

ባለፈው ሰኔ ፎልስ ቸርች ካለው የቬትናሞች ገበያ አንዲት ክዳን ያላት የፕላስቲክ ዕቃ ገዝቼ መኪናዬ ውስጥ ስከፍታት፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ፣ ጠጅ ጠጅ የሚል ሽታ አፍንጫዬን መታኝና አሌክሳንድሪያ ያደግኩበት አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ነገሩ ሩዝ ነው፤ እርሾ ተነስንሶበት፣ ሦስት ቀን ተሸፍኖ ሰንብቶ፣ በራሱ ጭማቂ ውስጥ የሚዋኝ የሚጣበቅ ሩዝ። ማንኪያ ስላልነበረኝ በጣቴ በላሁት።

አሌክሳንድሪያ የገባነው ሰባት ዓመቴ ሳለ፣ በዲቪ፣ ብርዱ በጠናበት ወር ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳ፣ እናቴ የሆቴል ክፍሎች ታጸዳ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚቀበሉኝ በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት የሆነ አንዲት ቬትናማዊት አሮጊት ነበሩ። ስማቸው ላን ነው። እናቴ ግን ፀጉሩ የሸበተን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ነው ብላ «እማማ ላን» አለቻቸው፣ እሳቸውም ወደዱትና ስልክ ሲደውሉልን ሁሉ «እማማ ላን ነኝ» ይሉ ነበር። ከእናቴ ጋር የሚግባቡት ሁለቱም በማይችሉት እንግሊዝኛ ነው፤ እንዴት እንደሚግባቡ ዛሬም ይገርመኛል።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ በእነሱ የጨረቃ አቆጣጠር አምስተኛው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን በዓላቸው ይውላል። የዚያን ቀን እማማ ላን ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሩን አንኳኩተው፣ በትንሽ ሳህን የተድቦለቦለ ሩዝ ከነጭማቂው ያቀብሉኝ ነበር። ምንም ሳይቀመስ በባዶ ሆድ መበላት አለበት። እናቴ የመጀመሪያው ዓመት ምክንያቱን ስትጠይቃቸው ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው «ትል። ዛሬ ይሞታል» አሏት።

እናቴ ከልቧ ሳቀች። «ኮሶ ማለት እኮ ነው! እኛ አፍንጫችንን ተይዘን የጠጣነውን እነሱ ጣፋጭ አድርገውት ቁጭ። ብልጦች ናቸው» አለች። ከዚያ ሳህኑን አሽትታ፣ ልጇ ሰክራ ትምህርት ቤት እንዳትሄድ ግማሹን ቀነሰችብኝ።

እኔ ደግሞ ከመብላቱ ይልቅ እማማ ላን ሲሠሩ ማየት እወድ ነበር። ሩዙን አሳድረው ይዘፈዝፉታል፣ በእንፋሎት ያበስሉታል፣ ትሪ ላይ ያሰጡትና በእጃቸው ጀርባ እየነኩ እስኪበርድ ይጠብቁታል፤ ከዚያ ነጫጭ ድቡልቡል እርሾዎችን ፈጭተው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ዱቄቱን እንደ ጤዛ ያርከፈክፉበታል። የሚቸኩል ነገር አልነበራቸውም። እንደሳቸው ያለ ጥንቁቅ እጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ዛፎቹ ሁሉ አብበው ሳለ፣ እማማ ላን ከአውቶቡስ ሲወርዱ ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ያሳሰባቸው ሕመሙ አልነበረም። ሩዙ በበዓሉ ጠዋት መጀመሪያ የሚቀርበው ለሞቱት ባላቸው ነው፤ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ፎቷቸው ፊት ሳይቀርብ ለማንም አይደርስም። ሰውየው በሕይወት ሳሉ የገበያውን በአፋቸው አያዞሩም ነበርና፣ እማማ ላንም ገዝተው ማቅረብ አልሆነላቸውም። «ከሞተ ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳ ቀርቶበት አያውቅም። ዘንድሮ ይቀርበታል» አሉ፣ ጀሶውን እያዩ።

«እኔ እያለሁ?» አለች እናቴ። እናቷ ጠላ ጠምቃ ያሳደገቻት ሴት ናት፤ ጥንስስ ሲባል ደረቷ ይነፋል።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው፣ እናቴ ኦፍ የነበረችበት ቀን፣ እኛ ኩሽና ተሠራ። እማማ ላን የተሰበረ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በግራቸው እየጠቆሙ ያዛሉ፣ እናቴ ትታዘዛለች፣ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ሩዙ ትሪ ላይ ተሰጥቶ እስኪበርድ እማማ ላን ጥንስሱ የሚሰነብትበትን ቡናማ የሸክላ ማሰሯቸውን ትተውልን ጋደም ሊሉ ሄዱ። ጥፋቱ የተሠራው ያኔ ነው።

እናቴ ማሰሮውን አሸተተችው፣ አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ዘመድ የላከላትን የወይራ ስንጥር አውጥታ፣ ለኩሳ፣ ማሰሮውን በጭሱ ላይ ደፋችው። ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ ጥንስስ መጨመር ለእሷ ባልታጠበ እጅ ከመጉረስ አይለይም። ወዲያው ስሞክ ዲቴክተሩ ይጮህ ጀመር፣ እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብ «ማሚ፣ አይ ዶንት ቲንክ እማማ ላን እንደዚህ ያደርጋሉ» አልኳት።

«መንገሩን ረስተውት ነው እንጂ፣ ሳያጥኑ እንዴት ይጨምራሉ? አንቺ ዝም ብለሽ አራግቢ» አለችኝ።

ሩዙ ሲበርድ እንዳዘዟት እርሾውን ነስንሳ ጨመረችበት፤ ማሰሮው በጋቢ ተጠቅልሎ ሦስት ቀን ጥግ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ጠዋትና ማታ ጎንበስ ብላ ታሸተውና ፊቷ ይበራል፤ ለእሷ የወይራ ጭስ የንጹሕ ዕቃ ሽታ ነው። የሰኔ ጾም ገብቶ መጠጥ መጠጥ የሚል ነገር ስለማትቀምስ፣ ደግሞም የሰው ሙት ሳይቀርብለት መቅደም ስላልፈለገች፣ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

በበዓሉ ጠዋት ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ማሰሮውን ራሷ ተሸክማ እማማ ላን ቤት ገባች። እማማ ላን በግራ እጃቸው የመጀመሪያውን ሳህን ከፎቶው ፊት አኖሩ፣ ጎንበስ ብለው ቆዩ፣ ከዚያ ለራሳቸው አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ማንኪያውን አስቀመጡት።

«ጭስ» አሉ። ማሰሮውን ጎንበስ ብለው አሽትተው ደግሞ «ይሄ ልክ አይደለም» አሉ።

እናቴን እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። እንግሊዝኛው ጠፋባትና በአማርኛ «አጥኜው ነው፣ እማማ። ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው። አምነውኝ ማሰሮዎን አበላሸሁብዎት፣ የባለቤትዎንም ቀን አበላሸሁ» አለች፣ እኔም እያፈርኩ ተረጎምኩ። ሳህኑን ከፎቶው ፊት ለማንሳት እጇን ዘረጋች። እማማ ላን ግን እጇን ያዟት። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«በቀን ሁለት ፓኬት ያጨስ ነበር» አሉ። «ይወደዋል።»

እናቴ መሳቅ ይገባት እንደሆነ ግራ ገብቷት ቆመች፤ እማማ ላን ራሳቸው ሳቅ ሲያመልጣቸው ግን እንባዋን እየጠረገች አብራ ሳቀች። ሳህኑ ከነበረበት አልተነሳም።

በዓመቱ እጃቸው ድኖ፣ በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው በራችንን አንኳኩ። ባዶውን ማሰሮ ታቅፈዋል። «የኔን በሌላ ዕቃ ሠራሁ» አሏት እናቴን። «ይሄ የሱ ነው። ጭሱ ጠፍቷል።» ልጃቸው ካሊፎርኒያ እስኪወስዳቸው ድረስ እናቴ በየዓመቱ አጠነችላቸው፤ እኔም በየዓመቱ ወንበር ላይ ወጥቼ አራገብኩ።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፣ ሩዙንም አንዳንዴ እሠራዋለሁ፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር እለካለሁ። ሥራ ቦታ ስወስደው ሁሉም «አሜዚንግ» ይሉኛል፣ እናቴም ቀምሳ «ጎበዝ» ብላኝ ታልፋለች። የእማማ ላንን እጅ ስለማውቅ፣ የኔ ያንን እንዳልደረሰ ይገባኛል። ምን እንደጎደለው ግን አላውቅም፤ ከፊት ለፊቴ በር ወጥቶ፣ ቀምሶ፣ ይሄ ልክ አይደለም የሚለኝ ሰው የለኝም።