ሩሲያን አውቃለሁ ያልኩ ጊዜ

ዲፕሎማዬ ቀይ ነው። ሌኒንግራድ ስድስት ዓመት ተምሬ በማዕረግ የተመረቅኩበት፣ ሽፋኑ ቀይ፣ ጽሑፉ በወርቅ ቀለም። የተማርኩት የሶሻሊስት ኢኮኖሚ ፕላን ነበር። አገሬ ተመልሼ ሥራ በያዝኩ በሦስተኛው ዓመት ሶሻሊዝሙም፣ ፕላኑም፣ የላከኝም መንግሥት ተያይዘው ገደል ገቡ። አትላንታ ስመጣ ደግሞ ዲፕሎማውን ገልጦ ያየልኝ ሰው አልነበረም። ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ግቢ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል መንዳት ጀመርኩና እዚያው ቀረሁ።

ሩሲያኛዬ ግን አልከዳኝም። መንገደኛ በሌለበት ሰዓት ከላይብረሪ ፕሪንት ያደረግኩትን የሞስኮ ጋዜጣ መሪው ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነዳጅ ሲወደድ፣ የሩሲያ ኩባንያዎች አክሲዮን በላይ በላዩ ሲወጣ፣ ማንም ሳይነግረኝ ደረስኩበት። የልጆቼን የኮሌጅ ገንዘብ የሩሲያ አክሲዮን ብቻ የሚገዛ ፈንድ ውስጥ ከተትኩት። እውነትም ወጣ። አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

አልዘጋሁም። እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ቸርቹ አዳራሽ ሻይ ይዘን ስንቆም፣ አፌን ሞልቼ ስለ ሩሲያ አስረዳለሁ። "ፕሮፌሰሩ መጣ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱን እወደው ነበር። ቀኑን ሙሉ "ሻንጣዬን ቀስ አድርገው" ሲባል ለሚውል ሰው "እስቲ አስረዳን" መባል ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከሚያዳምጡኝ አንዷ እማማ ነበሩ። ቸርች ውስጥ ትልቅ ትንሹ "እማማ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። መንቀሳቀስ የማይችሉ ሰዎችን ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ከአልጋ አንስቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው ሥራቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ስድሳን አልፈዋል። የቀኝ ትከሻቸው ጅማት ተበጥሶ፣ ሐኪሙ ወይ ኦፕራሲዮን ይሁኑ ወይ ሰው ማንሳት ያቁሙ ብሏቸዋል። ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወራት ያለ ደሞዝ መቀመጥ አለ። ስለዚህ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀደም ሲል ሆስፒታል ሲሠሩ ያጠራቀሙት የጡረታ ገንዘብ ትንሽ ከፍ ብሎላቸው ሥራ ማቆም።

ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቤቴ መጡ። የአንተ ያለበት ቦታ አስገባልኝ አሉኝ። ልጃቸው አብሯቸው ነበር፤ እዚሁ ያደገ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ አካውንታንት ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና ቀና ብሎ፣ "ሁሉንም ራሺያ ላይ? ላይክ፣ ሲሪየስሊ? አንተ እኮ ሻትል ነው የምትነዳው" አለኝ። በዕድሜ አባቱ የምሆነውን ሰው "አንተ" ማለቱ ይሁን ሻትሉን ማንሳቱ፣ ብቻ ቆሽቴ አረረ። እውነቱን ልናገር፣ ግማሹን ብቻ እናስገባ ልላቸው አስቤ ነበር። ያን ልጅ ለማሳፈር ስል ሁሉንም አስገባሁት።

በሚቀጥለው ዓመት የፋሲካ ሰሞን እማማ ምስክርነት ሊሰጡ ከጉባኤው ፊት ቆሙ። ጌታ በሚመጣው ገና ከሥራ ሊያሳርፋቸው እንደሆነ፣ ለዚህም የተጠቀመበት ወንድም እዚህ መካከል እንዳለ ተናገሩና ወደ እኔ አመለከቱ። ጉባኤው እልል አለ። እኔ ትሑት መስዬ አንገቴን ደፋሁ። ውስጤ ግን በኩራት ሊፈነዳ ነበር።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ሩሲያ ከጎረቤቷ ከጆርጂያ ጋር ጦርነት ገጠመች፤ የእኛዋ፣ አትላንታ ያለችበት ስቴት ሳትሆን፣ ካውካሰስ ያለችው ጆርጂያ። ዓርብ ነበር። ቅዳሜና እሁድን የሞስኮ ጋዜጦች ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ፊት ገጹ ላይ ጄኔራሎቹ ይፎክራሉ፣ የኢኮኖሚው ገጽ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። ምዕራባውያን ማዕቀብ ሊጥሉ ነው ተባለ። እስኪጥሉ ድረስ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? የውጭ አገር ባለሀብት ወሬውን እንደሰማ ገንዘቡን ይዞ እየወጣ ነበር። አክሲዮኑ ወረደ፣ ሩብሉም ተከተለው። ስድስት ዓመት ስለዚያ አገር ኢኮኖሚ ስማር ገንዘብ በወሬ ብቻ ፈርቶ ሊሸሽ እንደሚችል ያስተማረኝ የለም።

ሰኞ ጠዋት ሚስቴ ዱሉዝ ከተማ ከምትሠራበት መጋዘን በእረፍቷ ደወለች። የልጆቹን ገንዘብ ዛሬውኑ አውጣው አለችኝ። ሻትሉን ፓርክ አድርጌ ለፈንዱ ደወልኩና ሸጥኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስልኩን እንደዘጋሁ እማማ ትዝ አሉኝ። ቁጥራቸውን መምታት ስጀምር አንድ መንገደኛ መስኮቱን አንኳኳ፤ ወርጄ ሻንጣውን ጫንኩለት። ከዚያ በኋላ ጊዜ አጣሁ እንዳልል ቀኑን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። ተሳስቻለሁ፣ ይሽጡ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ያ ልጅ ሲስቅ ታየኝ። ቸርቹ ሁሉ ሻዩን እንደያዘ ዞር ብሎ ሲያየኝ ታየኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ማክሰኞም ነገ አልኩ።

እሁድ ራሳቸው መጡ። ከአምልኮ ስንወጣ መኪናዬ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

"ልጄ፣ ጦርነቱን በቲቪ አየሁት" አሉኝ። "የእኔው ልጅ ሽጪ፣ ሽጪ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። አንተ ምን ትላለህ?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ያዙት እማማ። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፣ ይመለሳል" አልኳቸው።

"የአንተስ?"

"የእኔም እዚያው ነው።"

"በቃ፣ አንተ ካለህ እኔ ምን አስፈራኝ" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለረጅም ጊዜ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ሮጬ ብከተላቸው እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ አገኛቸው ነበር።

መስከረም ላይ የሞስኮ ገበያ ከመውደቁ ብዛት ለቀናት ተዘጋ። ወዲያው ደግሞ የአሜሪካ ባንኮች ተንኮታኮቱ፤ ቸርች ውስጥ ቤቱን ያልተነጠቀ ከሥራው ይቀነሳል፣ ከሥራው ያልተቀነሰ ጡረታው ይሟሟል። አፈር ልብላና እፎይ አልኩ። ሁሉም ሲከስር የእኔ ጥፋት በጅምላው ውስጥ ተደበቀልኝ። ስለ ሩሲያ የሚጠይቀኝ ጠፋ። የእማማ ልጅ ብቻ አንድ ቀን ደወለ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "እሷ እኮ አንተን ነው ያመነችው" ብሎ ዘጋው። እማማ በመጨረሻ ሲሸጡት ሲሦው እንኳን አልተረፈም።

ገና መጣ፣ እማማ ሥራ አላቆሙም። እንዲያውም የበዓሉን ፈረቃ የማንም ሰው ሳይቀር ተቀብለው ሠሩ፤ በበዓል የሚሠራ እጥፍ ይከፈለዋል። አንድ እሁድ የመዝሙር ደብተራቸው ሲወድቅ ጎንበስ ብለው ለማንሳት ሲሞክሩ አየኋቸውና ፊቴን አዞርኩ። ከኋላቸው የነበረች ልጅ አነሳችላቸው።

ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሬ ተንኳኳ። ሚስቴ ሥራ ላይ ናት፣ ልጆቹም አልነበሩም። ስከፍት እማማ የሥራ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ትልቅ ከረጢት በግራ እጃቸው አንጠልጥለው ቆመዋል። ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡና ከከረጢቱ ሁለት የልጆች ካፖርት አወጡ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፤ ሁለቱም አዲስ፣ የዋጋው ወረቀት በጥንቃቄ ተቆርጦ የወጣለት።

"ለልጆችህ ነው" አሉ። "ብርዱ ከበደ። አንተም እንደ እኔ ባዶህን ነው የቀረኸው፤ ሰው ሁሉ የእኔን ሲያነሳ የአንተን ግን ማንም አያስታውስም። በግራ እጄ ስሰጥህ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ቀኙ እምቢ ብሎኝ ነው።"

ካፖርቶቹን ተቀብዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ይቻል ነበር። ለአንድ አፍታ ልለውም ከጀልኩ፤ ይህንንም አልደብቅም። ግን ካፖርቶቹን ለመቀበል እጄን አልዘረጋሁም።

"እማማ፣ እኔ ሸጫለሁ። የእኔ አልጠፋም።"

መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ቀዩን ካፖርት ጉልበታቸው ላይ አጥፈው አስቀመጡት።

"መቼ ነው የሸጥከው?"

"ጦርነቱ እንደጀመረ። ሰኞውን።"

ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቀናቱን እያስታወሱ እንደሆነ ገባኝ።

"እኔ የጠየቅኩህ እሁድ ነበር" አሉ። "ከሰኞው በኋላ ያለው እሁድ።"

"አዎ።"

ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ፣ ልጃቸውን ቢጠሩብኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና ዘጠኝ ሰዓት እንደሚገቡ ነግረውኝ ተነሱ። በመኪና ላድርስዎት ብዬ ቁልፌን ስፈልግ በባቡር እደርሳለሁ አሉ። ካፖርቶቹን አንስቼ ልመልስላቸው ስል እጄን በቀስታ ገፉት።

"ይልበሱት። እነሱ ምን አደረጉ።"

በሩን ከፈትኩላቸው፣ ደረጃውን በግራ እጃቸው ተደግፈው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሦስት ዓመት መጦሪያው ውስጥ ሰው ሲያነሱ ኖሩ። ለቸርቹም፣ ለልጃቸውም ትንፍሽ አላሉብኝም። እሁድ ስንገናኝ እጄን ይጨብጡኛል፣ ልጆቼን አገላብጠው ይስማሉ። እኔን ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስለ ገንዘብ ቀርቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳን ጠይቀውኝ አያውቁም።