ለእናቴ ጉልበት የሄድንበት አሸዋ

ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ውስጥ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት ጎረቤታችን ፎቅ ሊያቆም አስቦ ሰሞኑን አንድ ሲኖትራክ ሙሉ አሸዋ አስገለበጠ። እኔ አሸዋ አልወድም። ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ነፋስ ሲነሳ ያሰጣሁትን ልብስ ያበላሻል። ግን ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚሸተው፣ ያ የጋለ ድንጋይና የናፍጣ ሽታ፣ ባልዲዬን እንደያዝኩ በር ላይ አስቁሞ ሳልፈልግ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ፖርት ሱዳን ይዞኝ ሄደ።

አባቴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር። የጎንደርን ባቄላ ጭኖ በመተማ በኩል ሱዳን ይዘልቃል፤ ሲመለስ ቴምር፣ ሽቶና ወሬ ይዞ ይመጣል። ከወሬው ሁሉ እናቴ ልብ ውስጥ የቀረው አንዱ ነው፦ ፖርት ሱዳን ባሕሩ አጠገብ የአሸዋ ኮረብታ አለ፣ ቁርጥማት የያዘው ሰው እስከ ወገቡ እየተቀበረ ይሻለዋል የሚለው። እናቴ የደጋው የመካነ ብርሃን ልጅ ናት፤ ብርዱ ጉልበቷ ውስጥ የገባው ገና ሳታገባ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ስደርስ ቤተ ክርስቲያን መስገድ አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ታስቀድስ ነበር። ያልሞከረችው ጠበል የለም። እናም ትምህርት እንደተዘጋ አባቴ ሁለታችንንም ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ተነሳ። ለእሱ ሕክምና ነበር፣ ለእኔ ሽርሽር።

መተማን ካለፍን በኋላ እስከ ገዳሪፍ ከተማ ድረስ ምድሩ ተዘርግቶ ቀረ። ተራራ ሳታይ ውላ የማታውቀው እናቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «ምነው፣ ተራራውን ምን አደረጉት?» ስትል አባቴ መሪውን እስኪለቅ ሳቀ።

ኮረብታው ጋ ስንደርስ እኔ አበድኩ። ከሩቅ አውድማ ላይ የተከመረ ምርት ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉት ግን ነፋሱ እንደ ሽሩባ ሸንሽኖታል፣ ከጀርባው ደግሞ ማዶው የማይታይ ሰማያዊ ውሃ አለ። ከከተማ የመጡ የሱዳን ቤተሰቦች ፎቶ ይነሳሉ፣ ልጆቻቸው በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፤ እኔም ቋንቋቸውን ሳላውቅ አብሬያቸው ተንሸራተትኩ፣ ጮህኩ፣ አሸዋ ቃምኩ።

እናቴ ግን ሽርሽር አልመጣችም። ከማኪናው ስትወርድ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አመሳቅላ አጣፍታ ነበር። አባቴ ውሃ ሲዘረጋላት በእጇ መለሰችው።

«ተው እንጂ አንተ! ጠበል ሊገቡ ሲሉ እህል ውሃ ይቀመሳል?»

«ሴትዮ፣ ይሄ እኮ አሸዋ ነው!»

«የሚፈውስ ከሆነ ምን ለየው?»

የእኛ አገር ሰው በዚህ አይከራከርም፤ ፈውስ በባዶ ሆድ ነው፣ አለቀ። ለካ ከዋዜማው ጀምራ ጠብታ አልቀመሰችም። የውሃውን ጄሪካን ማኪናው ጋ ትተን፣ ደግፈን አወጣናትና ቆፍረን እስከ ወገቧ ቀበርናት።

መጀመሪያ «ሸጋ ነው፣ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል» እያለች ፈገግ ትል ነበር። ከዚያ ማውራት ተወች። ከዚያ አንገቷ ዘንበል አለ፣ ነጠላዋ ተንሸራቶ ወደቀ፣ እሷም አላነሳችውም።

አባቴ ለውሃ ወደ ታች ሮጠ። እኔ በሁለት እጄ መቆፈር ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው አሸዋን የጠላሁት። አንድ እፍኝ ሳወጣ ከዳር ሁለት እፍኝ ይመለሳል፣ ስፈጥን እሱም ይፈጥናል፣ «እማዬ» ስላት አትመልስም። ዞር ስል አባቴ ጄሪካኑን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል፤ ይራመዳል፣ አሸዋው መልሶ ያወርደዋል፣ ይራመዳል፣ ያወርደዋል። ያንን የሚያህል ሰው ባለበት ሲዳክር ማየት ለልጅ አይሆንም።

ከታች ሻይ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ደረሱልን። በባዶ እግራቸው በጎን በኩል አግድም ወጡ፣ ከጀርባዋ ያለውን አሸዋ በሳህን ዛቁ፣ ከዚያ በብብቷ ይዘው ጎትተው አወጧት። አባቴም ደረሰና ውሃ አፈሰስንባት። ዓይኗን ስትገልጥ ሽማግሌው በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አለች።

«ጾም ላይ ናት ወይ? የኛ ረመዳን እንኳ ገና ነው ይላሉ» አለ አባቴ።

«አያን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ» አለችና ውሃውን ጨለጠችው።

ፀሐይ ስትበርድ ማንንም ሳትይዝ ተነሳች። ወደ ባሕሩ ዞራ ተንበረከከች፣ ግንባሯ አሸዋውን እስኪነካ ሰገደች፣ ብቻዋን ቀና አለች። አሸዋው ይሁን ድንጋጤው አላውቅም፤ አባቴ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ጉልበቷ አንድ ክረምት አገለገላት። ብርዱ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ፣ አባቴም «ከርሞ እወስድሻለሁ» አለ። ከርሞ ሌላ ጭነት መጣ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፣ ሱዳንም ጦርነት ገባች። ማኪናው መንገድ ላይ ተቃጠለበት፤ ማን እንዳቃጠለው ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ዛሬ እናቴን ከአልጋ የማነሳት እኔ ነኝ፤ አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የምሠራው ይኸው ነው፣ አንዱን ማንሳት፣ ሌላውን ማየት።

በየቀኑ ትጠይቀዋለች። «መቼ ነው አሸዋው ዘንድ የምትወስደኝ?» «መንገዱ ሲከፈት» ይላታል። ትናንት መረረኝና ጆሮዋ ላይ፣ «እማዬ፣ መንገዱ ቢከፈትም በምን ትሄጃለሽ? ተይው በቃ» አልኳት።

«ዝም በይ አንቺ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንደማልሄድ መች ጠፋኝ? ካልጠየቅሁት ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ አይልም።»

ከዚያ ወደ ሳሎኑ ጮክ ብላ፣ «አንተ! ከገዳሪፍ ወዲያ በየት በኩል ነበር የሄድነው?» አለችው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።