በአዲስ ጎማ ወደ ዳምቦያ

ቀኑን በትክክል አላስታውስም። መስቀል አልፎ፣ ጭቃው ደርቆ፣ መንገዱ አቧራ ሊጀምር ሲል ነው። አምና ይሁን ካቻምና እኔና ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። የጠፋኝ ቀኑ ብቻ ነው፤ መንገዱን ግን ኩርባ በኩርባ አስታውሰዋለሁ።

ሆሳዕና፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሞተሬን አስነስቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ብርድ ነው። ባለቤቴ ወርቅነሽ ነጠላዋን ደርባ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጣች።

የምንሄደው ዳምቦያ፣ ታላቅ ወንድሟ ጋ ነው። ታሞ ከተኛ ቆይቷል። ትናንት ልጁ ደውላ፣ "አክስቴ፣ አባዬ እህቴን ጥሩልኝ ይላል። ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዱት ብለውናል። ቶሎ ድረሱ" አለች።

ወንድምና እህት ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። እናታቸው ያረፉ ዕለት ወርቅነሽ የተሳፈረችበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተበላሸ። ስትደርስ እናቷ ተቀብረዋል። "እህቴ መንገድ ላይ ናት ብሎ አንዲት ሰዓት አላስጠበቀልኝም" አለች፤ ከዚያ ወዲህ የወንድሟን ግቢ ረግጣ አታውቅም። ሚኒባስም አላምንም ብላለች።

በእነሱ ቤት የተቀያየሙ ወንድምና እህት ሲታረቁ፣ እህት ከራሷ ላም ቅቤ ይዛ ሄዳ የወንድሟን ራስ ትቀባለች። ያለ ቅቤ እርቁ ወሬ ነው። ይህን ቅቤ ወርቅነሽ መታመሙን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ስታጠራቅም ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የጎማውን ነገር ልንገራችሁ። አሮጌዎቹ ጥርሳቸው አልቆ እንደ እኔ ራስ መላጣ ሆነው ነበር። ወርቅነሽ "በዚህስ ከመሄድ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል" ስላለች፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ገበያው አጠገብ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ሁለቱንም አስቀየርኩ። ጎሚስታው ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰና፣

"አባባ፣ አዲስ ጎማ ዓይን ያታልላል" አለኝ። "ጥርሱን አይተው አይመኑት። ከፋብሪካ የመጣበት ቅባት ላዩ ላይ አለ፤ መንገዱ እስኪፍቀው ድረስ ያንሸራትታል። ኩርባ ላይ አያጋድሉ። ፍሬን በድንገት አይያዙ።"

"ነገ የምጭነው ባለቤቴን ነው።"

"እንግዲያው እጥፍ ቀስ ይበሉ። ችግር ካለ ይደውሉልኝ።"

ቁጥሩን ነገረኝ። ስልኬ ላይ "ጎማ" ብዬ መዘገብኩት። ስሙን አልጠየቅሁትም።

ወርቅነሽ እንደ አገራችን እናቶች ወደ ጎን ነው የምትቀመጠው፤ ሁለቱም እግሮቿ በግራ። ስለዚህ ቅቤውን ዘንቢል ውስጥ አድርጌ በቀኝ በኩል፣ ከጭስ ማውጫው ከማርሚታው በላይ አሰርኩት። ጭነቱ ተመጣጠነ ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ከከተማ ስንወጣ

ኮብልስቶኑ ጤዛ ጠጥቷል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የኋላው ጎማ ትንሽ ሸርተት አለ፤ ልቤም አብራው ሸርተት አለች። ከዚያ በኋላ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ሄድኩ። ዳገት ሲመጣ አንደኛ።

መንገዱ ያማረ ነበር። ግራና ቀኙ እንሰት፣ ከእንሰቱ ኋላ ባሕር ዛፍ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የአምበርቾ ተራራ ጭጋግ ተከናንቦ። ቆጮ የተሸከሙ ሴቶች፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች፣ ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ። ሁሉም ያልፈናል። አንድ ባጃጅ አጠገባችን ሲደርስ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣

"አባባ! ሙሽራ ነው እንዴ የጫኑት? ሚዜዎቹ እኮ ቀደሙዎት!" አለ።

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ወርቅነሽ አልሳቀችም። ጀርባዬ ላይ ያረፈው እጇ ጠበቅ ሲል ይሰማኛል። ፍጠን አትልም፤ ቀስ በልም አትልም። በልቧ "ዛሬም ከቀብር በኋላ ልደርስ ነው" እንደምትል ግን አውቃለሁ።

ስልኳ ጮኸ። የወንድሟ ልጅ ናት።

"የት ደረሳችሁ? በር በሩን እያየ ነው።"

"መጣን በይው" አለች ወርቅነሽ። "መጣን በይው፣ ልጄ።"

ትንሽ ፈጠን አልኩ። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም።

ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንጋጫ ሳንደርስ

ቁልቁለት ነው። ከፊታችን እንጨት የጫነች አህያ መንገድ አቋረጠች። የኋላ ፍሬን ረገጥኩ፤ ያውም በቀስታ። የሞተሩ ኋላ እንደ ዓሣ ጅራት ተወራጨ። ሳላውቀው መንገዱ ዳር ሣር ላይ ተጋድመናል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ አህያዋ ቆማ ታየናለች።

ወርቅነሽ ቀድማኝ ተነሣች። ክርኗ ተልጦ ይደማል። ነጠላዋን አራገፈች፣ መንገዱን ወደፊት አየች።

"የታምራት አባት፣ አንተ ሞተሩን አንሣ። እኔ በእግሬ ልጀምር።"

"ከዚህ ዳምቦያ በእግር?"

"ታዲያ እዚህ ልቀመጥ?"

ያኔ ተናደድኩ። ስልኬን አውጥቼ "ጎማ" የሚለውን ደወልኩ።

"አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ጎማ ነው የሸጥክልኝ? ልትገድለን ነው? ቀስ በል አልክ፣ ቀስ አልኩ። ይኸው ሚስቴ ደማች!"

ጎሚስታው እስክጨርስ ጠበቀና፣ "እማማ ይቆማሉ? ይራመዳሉ?" አለ።

"ትራመዳለች።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። የሸሸው የፊቱ ነው የኋላው?"

"የኋላው።"

"የኋላው ብቻ? ሁለቱም እኮ የአንድ ቀን ጎማ ናቸው፣ አባባ። እስቲ የፊቱን በእጅዎ ይዳስሱት።"

ዳሰስኩ። አቧራ ነው፤ ሻከር ይላል።

"አሁን የኋላውን።"

ዳሰስኩ። ጣቴ ተንሸራተተ።

"ጣትዎን ያሽቱት።"

አሸተትኩ። ወደ ዘንቢሉ ዞርኩ። የኮባው ቅጠል ማርሚታው ላይ ተለብልቦ ተቀዷል፤ ቅቤው ቀልጦ፣ በቸርኬው ወርዶ፣ ጎማዬን ቀብቶልኛል። ዳገቱን ሁሉ በአንደኛ ማርሽ ስጎትት ማርሚታው እንደ ምድጃ ግሎ ነበር። ያሰርኩትም እኔ፣ ያቀለጥኩትም እኔ።

"ቅቤ ነው" አልኩ በቀስታ።

"ቅቤ?" አለ። አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ ስልኩን የምዘጋው ይመስለኛል። "ይሁን፤ ይጸዳል። ናፍጣም ቤንዚንም አያስነኩት። አጠገብዎ ቤት አለ?"

አለ። አንዲት እናት ከጓሯቸው አመድ፣ የልብስ ሳሙና፣ የፈላ ውሃና አሮጌ ኬሻ ይዘው መጡ። እኔ ጎማውን እያዞርኩ አሸዋለሁ፤ ጎሚስታው በስልኩ ውስጥ ያዘኛል። "ጥርሱ መሐል ይግቡ። ቸርኬውንም። ታጠበ? አሁን በደረቅ አፈር። ደግመው ይዳስሱት።" የስልክ ካርዴ አለቀ፤ እሱ መልሶ ደወለ። ወዲያ ማዶ ደንበኛ ሲያጉረመርምበት ይሰማኛል። "አንዴ ታገሱኝ፣ ሰው መንገድ ላይ ነው" ይላቸዋል።

ወርቅነሽ ዘንቢሉን ከፍታ ታያለች። ከቅቤው ተርፎ ያለው አንድ ጭብጥ ቢሆን ነው። እናቲቱ አዲስ የኮባ ቅጠል ቆርጠው ሰጧት። ጠቀለለችው፤ ከዚያ በኋላ ከእጇ አላወጣችውም።

"አንቺ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ጎማውን እሽ" አለችኝ።

ጽዳቱ ሲያልቅ ጎሚስታው፣ "እማማን እንዳይጭኑ" አለ። "መጀመሪያ ለብቻዎ ሜዳው ላይ ይሂዱ። ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ይሞክሩት፤ በቀስታ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገው።" ሄድኩ። ያዝኩት፤ ቆመ። እንደገና ያዝኩት፤ ቆመ።

"አሁን ይጫኗቸው" አለኝ። "አንጋጫ ሲደርሱ ይደውሉልኝ።"

አንጋጫ ስደርስ ደወልኩ። ከአንጋጫ ስወጣ ግን እሱ ነው የደወለው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይዞ ከመውረድ በማርሽ መውረድ እንደሚሻል ነገረኝ። ሠላሳ ዓመት ሞተር ነድቻለሁ፤ ይህን አላውቅም ብዬ አልዋሽም። ያን ቀን ግን ሰው ሲነግረኝ መስማት ደስ አለኝ።

ዳምቦያ፣ አራት ሰዓት አልፎ

የገበያ ቀን ስለነበር ከተማው ሞልቷል። ወርቅነሽ ግቢው በር ላይ ወርዳ ቆመች። ለቅሶ ይሰማ እንደሆነ እያዳመጠች ነው። አይሰማም። ዶሮ ብቻ ይጮሃል።

ወንድሟ ግድግዳው ሥር ተኝቷል። ሰውነቱ አልቆ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ሲያያት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

"ያኔ አልጠበቅሁሽም" አላት። "ዛሬ ጠበቅሁሽ።"

ወርቅነሽ ተንበርክካ የኮባውን ቅጠል ፈታች። ቅቤው ትንሽ ነበር፤ መሐል አናቱን ብቻ አዳረሰ። በቂ ነበር። የደማ ክርኗን አይቶ፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አላት። "መንገድ ነው" አለችው። እኔን አላሳጣችኝም።

እዚያው ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሲቀበር ወርቅነሽ ከሁሉም ፊት ቆማ ነበር።

ተመልሰን ሆሳዕና

ቤቴ ሳልገባ ጎሚስታው በር ላይ ቆምኩ። ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ እየፈለገ ነበር። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተነሣና የወርቅነሽን ጥቁር ልብስ አይቶ ቀድሞ ለእሷ፣ "እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት" አላት። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማዬን በመዳፉ ዳሰሰ።

"አሁን መንገዱን ለምዷል።"

"ልትገድለን ነው ብዬህ ነበር" አልኩት። "ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።"

"አባባ፣ የደነገጠ ሰው የሚለውን አልመዘግብም።"

ስልኬን አወጣሁ። "ስምህን ንገረኝ" አልኩት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ "ጎማ" የሚለውን አጥፍቼ ጻፍኩት።

ማቴዎስ ይባላል።