በደረጃው ሥር የለመለመ ጤና አዳም

ባለቤቴ ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ሐሪስ፣ ማለትም ዘበኛ ነበር። የምንኖረው ከደረጃው ሥር ባለችው የዘበኛ ክፍል ነው። መስኮት የላትም። ከወሎ ያስመጣውን የጤና አዳም ዘር በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ያበቀለው እዚያ ነው። ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ቆርቆሮውን አቅፎ ወደ ደጅ ያወጣዋል፤ አስፋልቱ መጋል ሲጀምር መልሶ ያስገባዋል።

ተከራዮቹ፣ «ልጅህ እንዴት አደረ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ልጅ አልነበረንም።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥርስ እያወጣ ነው» ይላቸዋል።

እሱ ሲሞት ዒዳ ገባሁ። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ቤቷን ይዛ፣ ከጌጥ ርቃ የምትቀመጥበት ጊዜ ነው። የሕንፃው ባለቤት እዚያው እንድቆይ ፈቀዱልኝ፤ ቆርቆሮውን ደጅ የሚያወጣ ግን አልነበረም። ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ ሰው ቤት ስለምትሠራ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትመለሳለች።

ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ እህት፣ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ነው የምትኖረው። በስልክ አልቅሳ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፤

«ወንድሜ ከጤና አዳሙ ቅርንጫፍ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አሁንማ ተስፋ ቆረጥኩ። አንቺ እንኳን ጤና አዳም፣ ቁልቋልም አይበቅልልሽ። ከዒዳሽ አይዘልቅም።»

እውነቷን ነበር፤ ባለቤቴ እያለ ተክሉን ውኃ እንኳ አጠጥቼው አላውቅም። ስልኩን ስዘጋ ግን ይዘልቃል አልኩ። ከባለቤቴ እጅ የቀረኝ ሕይወት ያለው ነገር ተክሉ ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ገረጣ፤ ግንዱ ቀጥኖ ተሳበ። ለጎረቤቴ መብራት እንድታመጣልኝ ነገርኳት። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ መብራት ይዛ መጣች።

«ሻጩ ለተክል የተሠራ ነው ብሎ ማለልኝ፣ እትዬ።»

አበራነው። ግድግዳው፣ ፍራሹ፣ የለበስኩት ጥቁር ልብስ ሳይቀር ሐምራዊ ሆነ። ብርሃኑ ከበሩ በላይ ባለው መስታወት አልፎ ደረጃውን አጥለቀለቀው። በማግስቱ ሊያጽናኑኝ የመጡ ሴቶች በሩ ላይ ቆሙ።

«የመጣነው ለለቅሶ ነው ወይስ ለሰርግ?» አለች አንዷ።

«ሙሽራዋ ይቺውና» አለች ሌላዋ፣ ወደ ቆርቆሮው እያየች።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ሲሄዱ ግን መብራቱን አጠፋሁ። ሐዘን ቤት ላይ ስላላማረ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ብርሃን ቅጠሉ ሁሉ ጥቁር ስለሚመስል ማገገሙንም መሞቱንም ለይቼ ማየት አልቻልኩም።

ቁጭ ብዬ ተክሉን ስመለከት አንድ ነገር ገባኝ። ግንዱ የሚያዘነብለው ወደ በሩ ነበር። የክፍላችን አምፖል ቢጫ ነው፤ ከበሩ ውጭ ያለው የደረጃው መብራት ግን ነጭ ነው። የሚፈልገውን ራሱ እየነገረኝ ነበር።

«ሐምራዊውን መልሺው» አልኳት ጎረቤቴን። «ሁሉም ነገር በአምስት ሪያል ከሚሸጥበት ሱቅ ተራ ነጭ አምፖል አምጪልኝ። ቢጫ እንዳይሰጡሽ፣ አስበርተሽ እዪው።»

«በዚያ ዋጋ? ቢሞትስ?»

«ከሞተ በርካሽ ይሙት።»

ባለቤቴ ቁርኣን የሚቀራበት አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ነበረው። አምፖሉን እሱ ላይ ገጠምኩ። መጀመሪያ ራቅ አድርጌ አቆምኩት፤ ተክሉ አሁንም ተሳበ። ዝቅ አደረግኩት፤ ጫፉ ጠወለገ። በመጨረሻ ከቅጠሉ አንድ ስንዝር ከፍ ሲል ልኩ ሆነ። ከተክሉ ኋላ ግድግዳው ላይ ምግብ የምንጠቀልልበትን አልሙኒየም ለጠፍኩ፤ ብርሃኑ በከንቱ እንዳይባክን። ጎህ ሲቀድ ለፈጅር ሶላት ስነሳ አበራዋለሁ፤ ማታ ዒሻ ሰግጄ ስጨርስ አጠፋዋለሁ። እሱም ይተኛ ብዬ ነው።

አዲሱ ቅጠል ሲወጣ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ተክሉ ወደ በሩ ማዘንበሉን ተወ። ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ ተከልኩ፤ አንዱ ያዘ። ጎረቤቴ ከሥራ ስትመለስ ብቅ ብላ፣ «ልጅሽ እንዴት ዋለ?» ማለት ጀመረች። መልሱን አውቀው ነበር፤ የባለቤቴ መልስ ስለሆነ ግን አፌን ሞልቼ ለመናገር ጊዜ ወሰደብኝ።

ዒዳዬ ሲያልቅ መጀመሪያ የሄድኩት አምስት ሪያል ሱቅ ነው። በገዛ እጄ አንድ ነጭ አምፖል መረጥኩ። ከዚያ ሥር የሰደደውን ቅርንጫፍ ከአንገቱ በተቆረጠ የውኃ ጠርሙስ ጭኔ ላይ ይዤ መካ ሄድኩ።

ዋርሳዬ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ጠርሙሱን አየች። አንድ ቅጠል አሸት አድርጋ ጣቷን አፍንጫዋ ላይ ያዘች።

«የወንድሜ እጅ ነው» አለች።

«አዎ» አልኳት። «መብራቱ ግን የኔ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የክፍሏን ጨለማ ጥግ አሳየችኝና አምፖሉ የት እንደሚሰቀል ጠየቀችኝ። መዳፌን ዘርግቼ ከቅጠሉ በላይ አንድ ስንዝር ለካሁላት።