ቅንድቧ ውስጥ የነበረው ከረጢት

ሐኪሙ ከልጅ ልጄ ቅንድብ ላይ እባጩን አውጥቶ ደሙን በኤሌክትሪክ ሲያቆም፣ ክፍሉን የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ሞላው። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ።

በጥልያን ጊዜ፣ እዚሁ ካዛንቺስ፣ ታናሽ እህቴ አስካለ ቅንድቧ ላይ ሽንብራ የምታህል እባጭ ነበረቻት። እናቴ ልብስ የምታጥብለት ጥልያን ሐኪም አይቷት በአስተርጓሚ፣ «ክፉ አይደለም፤ ይዛው የተወለደችው ነው። ከነከረጢቱ ይውጣ» አለ። እኔ ከረጢት ሲባል ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ጓጓሁ። አባቴ ግን፣ «ጥልያን በልጄ ፊት ላይ ቢላ አያነሳም!» ብሎ ወጌሻ ጠራ።

ወጌሻው ብረቱን ፍም ውስጥ አግሎ ቀረበ። አባቴ እያለቀሰ ራሷን ያዘ፤ እኔን እግሯን አስያዘኝ።

«እትዬ፣ ልቀቂኝ!» አለችኝ።

አባቴን አየሁት። አልለቀቅኳትም።

ቁስሉ ሲደርቅ የዐይኗን ቆብ ወደ ላይ ጎትቶ ይዞት ቀረ። እባጯም በዓመቱ ተመልሳ መጣች፤ ከረጢቱ ለካ እዚያው ነበር።

«እማማ» አለኝ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ «ጨርሰናል እኮ። እግሯን ይልቀቋት።»